ከአናርኪስቶች ጋር የከረሙት ቄስ

ለንደን በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ከምርጫው በኋላ በመጣው ግርግር አገሬን ጥዬ ወጥቼ፣ ስትሪትሃም ውስጥ ከአንድ ያገሬ ሰው ጋር አንድ ክፍል ተሰጥቶኝ፣ የጥገኝነት ኬዜን ውሳኔ እጠብቅ ነበር። ሥራ አይፈቀድልኝም። በየሁለት ሳምንቱ ክሮይደን ያለው የስደተኞች ቢሮ ሄጄ አለመጥፋቴን በፊርማ ሳይን አደርጋለሁ፤ ከዚያ ውጭ ቀኑ ሁሉ ባዶ ነው። ጠዋት እነሣና ዋናውን መንገድ ከላይ እስከ ታች እሄደዋለሁ። ጫፉ ስደርስ በሌላኛው ማዶ እመለሳለሁ። የሱቆቹን መስኮት በቃሌ አውቀው ነበር። ቤት ስገባ አብሮኝ የሚኖረው ሰውዬ፣ «ዛሬስ ምን አየህ?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብሄድም ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ወሬው ሁሉ ፖለቲካ ነው። ሰዉ ሰላምታህን ሳይጨርስ የየትኛው ወገን መሆንህን ማወቅ ይፈልጋል። አንዱ ዝም ማለቴን እንደ ፍርሃት፣ ሌላው እንደ ስለላ ቆጠረው። ቀስ በቀስ መቅረት ጀመርኩ።

ማክሰኞ ማክሰኞ በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበረን። የምታስተምረን አንዲት አየርላንዳዊት መነኩሲት ነበረች፤ በእኔ ነገር ተሰላችታ ነበር መሰለኝ። ሌላው ተቀምጦ ሲጽፍ እኔ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ክፍሉ ሲበተን አስቀረችኝና፣

«ተሽከርካሪ ወንበር መግፋት ትችላለህ?» አለችኝ።

እችላለሁ አልኳት። ጡረታ የወጡ ቄሶች የሚጦሩበት ቤት በአቅራቢያው እንዳለ፣ እዚያ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቀኑን ሙሉ «ውጭ አውጡኝ» እያሉ ሠራተኞቹን ማስቸገራቸውን ነገረችኝ።

«እኔም አስቸጋሪ ነኝ» አልኳት።

«ለዚህ ነው የጠየቅኩህ» አለች።

በማግስቱ ሄድኩ። ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነበር፤ ስፔናዊ ናቸው። ከአንገት በታች ያለው ሰውነታቸው እንደ ልጅ ሰውነት አንሷል፤ ጆሮዎቻቸውና እጆቻቸው ግን ትልልቅ ናቸው። ክፍላቸው ስገባ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር።

«ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ካቶሊክ ነህ?»

«አይደለሁም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«ግድ የለም። ወንበሩ ሃይማኖት የለውም። ግፋ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሰዓት በኋላ እገፋቸዋለሁ። ፊት ለፊት «ፋዘር» እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን አባ ነበሩ። መንገዱ ስትሪትሃም ኮመን የሚባለውን መናፈሻ ዳገት ይዞ ይወጣል። ዳገቱ መሀል ላይ ስደርስ ትንፋሼ ስለሚያጥር ወንበሩን አስደግፌ እቆማለሁ።

«ለምን ቆምክ?»

«ላርፍ ነው፣ ፋዘር።»

«ስትሞት ታርፋለህ።»

እንዲህ ተባብለን እንቀጥላለን። የሳቸው እንግሊዝኛ ከስልሳ ዓመት በላይ እዚህ አገር ኖረውም እንደ ድንጋይ ይንኳኳል። የኔ ደግሞ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ቢሆንም ተግባባን።

በሦስተኛው ሳምንት ግድም ዳገቱ ጫፍ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አጠገብ ሆነን ከአገሬ ለምን እንደወጣሁ ጠየቁኝ። ለክሮይደን የተናገርኩትን አሳጥሬ ነገርኳቸው። ታሰርኩ፣ ተመታሁ፣ ግራ ጆሮዬ ደነቆረ፣ ተለቀቅኩ፣ ሸሸሁ። አገጫቸውን እጃቸው ላይ አስደግፈው ሰሙኝና፣

«እኔም ስደተኛ ሆኜ ነው የመጣሁት» አሉ። «በአገሬ የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸነፉት ጋር ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአናርኪስቶቹ ጋር።»

በእኛ ቤት ይህ ቃል እንደ ዋዛ አይነገርም። የእናቴን ታናሽ ወንድም በደርግ ጊዜ ገድለው መንገድ ላይ ሲጥሉት፣ ደረቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው ይኸው ቃል ነበር። እናቴ በሬዲዮ ቃሉን ስትሰማ ተነሥታ ከቤት ትወጣ ነበር። አናርኪስት ማለት ገዳዮች በሟች ላይ የሚለጥፉት ስም ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ሰው ወዶ ራሱን በዚህ ስም ይጠራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ይህን ስነግራቸው ቆባቸውን አወለቁ። ስለ አጎቴ ዕድሜ ጠየቁኝ። አሥራ ዘጠኝ አልኳቸው። ቆባቸውን መልሰው ደፍተው፣ «የኔዎቹ ግን እውነተኞቹ ነበሩ» አሉ። «መንግሥት አያስፈልግም፣ ጌታ አያስፈልግም፣ ቄስ አያስፈልግም የሚሉት። ከሁሉም ከሁሉም ቄስ።»

ታሪካቸውን በአንድ ቀን አልነገሩኝም። እየገፋሁ፣ ከኋላቸው ሆኜ፣ ፊታቸውን ሳላይ ነው ብዙውን የሰማሁት።

ጦርነቱ ሲነሣ ቅስና ከተቀበሉ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በተወለዱበት መንደር ያገለግላሉ። የአናርኪስቶቹ ሚሊሻዎች በካሚዮን መጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉ፤ ቄሱን ፈለጉ። እሳቸው የወይራ ዘይት በሚጨመቅበት ቤት ከማሰሮዎች ኋላ ተደብቀው ሁለት ቀን ቆዩ። በሦስተኛው ቀን በሩን የከፈተው ሰው የመቶ አለቃው ነበር። ግንበኛ ነው፤ በልጅነታቸው ከሳቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊደል ጀምሮ፣ ድህነት ከትምህርት ያስወጣው የመንደራቸው ሰው።

«ሰማያዊ የሥራ ቱታ ወረወረልኝ» አሉ። «'ልበስ' አለኝ። 'ከሰዎቼ መጻፍ የሚችል የለም። ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊዬ ነህ። ማንንም ስትባርክ ካየሁህ ግን ራሴ ነኝ የምገድልህ።'»

ለበሱ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ሁለት ክረምት አሳለፉ። ዳቦና ጥይት ይመዘግባሉ፤ ማታ ማታ ማንበብ ለማይችሉት ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንዱ ለሚስቱ ምን እንደሚል ሲጠፋው፣ «አንተው የሚሆነውን ጻፍላት» ይላቸዋል። ሚስት አግብተው የማያውቁት ቄስ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሰዎቹ መልሱ ሲመጣ ደስ ብሏቸው ከትንባሆአቸው ይቆርሱላቸዋል።

«ቤተ ክርስቲያኔን ያቃጠሉት እጆች ናቸው እንጀራ የሰጡኝ» አሉኝ፤ እንጀራ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ዳቦ ነው ያሉት። «ልጠላቸው ሞከርኩ። አልቻልኩም። እወዳቸው ነበር። ይህንን ለጳጳሱ ስናገር ደስ አላለውም።»

አንድ ሚሊሻ ሆዱን ተመትቶ ሲሞት ጸሐፊውን አስጠራ። እጁን እንዲይዙለት ብቻ ነው የፈለገው። እሳቸው በጆሮው ሥር ጎንበስ ብለው፣ የሚያስላቸው መስለው፣ በሳል መሀል የፍትሐቱን ቃል አሰሙት። ሰውዬው ሰምቷቸው እንደሆን አያውቁም። ዓይኑን ግን ገልጦ፣ «አንተ ጸሐፊ፣ ገርሞኝ ነበር» ብሏቸው ሞተ። ምን እንደገረመው ሳይናገር።

ይህን ሁሉ ሲያወሩ ነቃ ነቃ ይሉ ነበር፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። ግን አንድ ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይዘሉታል። ወሬው ስለ ሁለተኛው ክረምት ሲጠጋ፣ «ፍጥነት ጨምር» ወይም «ዝናብ ሊመጣ ነው» ይላሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ነው። ይህን ልማድ አውቀው ነበር፤ እኔም የምዘለው ነገር ነበረኝ።

ዝናቡ እውነት የመጣበት ቀን ክፍላቸው ውስጥ ቀረን። መጋረጃውን ክፈት፣ ዝጋ፣ ወንበሩን ወደዚህ፣ አይ ወደዚያ እያሉ አደከሙኝ። በመጨረሻ፣ «በሩን ዝጋውና ከኋላዬ ቁም» አሉ። ልክ እንደምገፋቸው ሆኜ ቆምኩ።

«አለቃው ወደ ሌላ ግንባር ሄዶ ነበር» ብለው ጀመሩ። «እሱ በሌለበት ሰዎቹ አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ጎረቤት ከተማ ከአንድ ጓዳ ነው ያወጡት። ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያስተማረኝ፣ ኃጢአቴን የሚሰማኝ መምህሬ ነበር። እሱም አወቀኝ። ከጠረጴዛው ፊት አቆሙትና ለእኔ 'መዝግብ' አሉኝ። ስሙን ጠየቅኩት። ነገረኝ። ዕድሜውን ጠየቅኩት። ነገረኝ። ሥራውን ጠየቅኩት። እኔ ምን መለስኩ መሰለህ ያን ጊዜ፣ በማሰሮዎቹ መሀል ስያዝ? ዝም ነው ያልኩት። እሱ ግን 'ቄስ' አለ፤ ሁሉም እስኪሰማ። ጻፍኩት። ወረቀቱን ተመለከተና 'መልካም ጽሕፈት ነው' አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም። አንድ ቃል ቢናገር እኔም አብሬው እሄድ ነበር። ከመቃብሩ አጥር ኋላ ወሰዱት።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

«እጄ አልተንቀጠቀጠም» አሉ። «ሰባ ዓመት የማስበው ይህን ነው። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነበር።»

ከጦርነቱ በኋላ ተራራውን በእግር አቋርጠው ፈረንሳይ ገቡ፤ ከዚያ ለንደን። እዚህ ያሉት ቄሶች «ቀዩ» ይሏቸው ነበር፤ ተሰድደው የመጡት አናርኪስቶች ደግሞ ቄስነታቸውን ሲያውቁ ስለ ቄስ ጥቁር ልብስ «ቁራው» አሏቸው። ስለ መምህራቸው ግን ለአንዱም ወገን አልተናገሩም። ለንስሐ አባታቸው እንኳ ነገሩን ጠቅልለው እንጂ ይህን ጠረጴዛ፣ ይህን ወረቀት አልነገሩም።

አፌ ላይ የመጣው፣

«ፋዘር፣ ጆሮዬ ደህና ነው» የሚል ነበር።

«ምን?»

«ግራ ጆሮዬ። ይሰማል።»

ዞረው ሊያዩኝ ሞከሩ። ወደ ፊታቸው ሄጄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ነገርኳቸው። አገሬ አስተማሪ ነበርኩ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ሁለታችንም በምርጫው ታዛቢ ነበርን። ፖሊሶች ቤታችን ሲመጡ እኔ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። እሱን ወሰዱት። እኔ ሳልያዝ ከዘመድ ዘመድ ቤት እየዞርኩ ከረምኩ። እሱ አምስት ወር ታስሮ ሲፈታ ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። የቆርቆሮውን አዳራሽ፣ የጠዋቱን ቆጠራ፣ የሰውን ጠረን ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔ ክሮይደን ኢንተርቪው ስቀርብ ያንን ሁሉ በራሴ ስም ተናገርኩት። የኔ ታሪክ ያነሰ መሰለኝ። ሴትዮዋ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ቀኝ ጆሮዬን አዘንብዬ ነበር የምሰማት። ከዚያ ወዲህ ሳይን ላደርግ በሄድኩ ቁጥር በመስኮቱ በኩል ሲጠሩኝ አንገቴ ራሱ ይዘነበላል።

እንዲያጽናኑኝ ነበር የጠበቅኩት። ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉ። «ጆሮው የኔ አይደለም። ሰውዬው በሕይወት አለ?»

«አለ። አዲስ አበባ ነው።»

«የኔ ሰው ሞቷል። ያንተ ሰው ስልክ አለው።»

ሦስት ቀን ዋናውን መንገድ ተመላለስኩበት። የስልክ መደወያ ሱቁን በር ሁለት ጊዜ ከፍቼ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባሁና ደወልኩ።

«ሃሎ» አለ ባልደረባዬ። «ጮክ በል፣ አይሰማም። ቆይ፣ በዚህኛው ላድርገው።» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው ሲያዞር ሰማሁት።

ሳልዘል ነገርኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁ።

«አለሁ። የቆርቆሮውን አዳራሽ ነገርካቸው?»

«አዎ።»

«ጠዋት ስንቆጠር ያለውንስ?»

«እሱንም።»

ሳቀ። የቋንቋ አስተማሪ ነው። «አደራህን፣ ሳታንዛዛ ነገርካቸው?» አለ። ከዚያ፣ «ይጥቀምህ፣ ወንድሜ። እኔ ምን ላደርግበት ነው? እዚህ የሚጠይቀኝ የለም» አለኝ።

ሸክሙ የተነሣልኝ መሰለኝ። ልሰናበተው ስል ግን፣

«የኔን ስም አልጠራህማ?» አለ።

«አልጠራሁም።»

«እዚያ ወረቀት ላይ እኔ የለሁም ማለት ነው።»

«የለህም።»

«እሱ ደስ አይልም» አለ። ተቆጥቶ አይደለም። የሰው ስም ከክፍል መዝገብ ተዘሎ ሲያይ እንደሚለው ነው ያለው።

በማግስቱ ጉዳዬን የያዘችው ጠበቃ፣ ሎየሬ ቢሮ ሄድኩ። ደግ ሴት ነበረች፤ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «አሁን ይህን ብትቀይር ቀሪውንም አያምኑህም» አለችኝ። «ውሸታም ነው ይሉሃል።» አስተርጓሚውን ሳልጠብቅ በራሴ እንግሊዝኛ «ነበርኩ» አልኳት። አስተርጓሚው መሬት መሬት ያይ ነበር። አዲሱን ቃሌን ጻፈች። የባልደረባዬ ስም ገባበት። እሱም የደረሰበትን በእጁ ጽፎ ላከልኝ፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ ከኔ በጣም ያጠረ።

ውሳኔው ሲመጣ ውድቅ ነበር። የመጀመሪያው ቃሌ ሐሰት መሆኑን ራሴ ስላመንኩ ሁለተኛውም አይታመንም ይላል። አፒል አደረግኩ፣ ይግባኝ አልኩ። አብሮኝ የሚኖረው ሰውዬ ወረቀቱን አንብቦ፣ «ገመዱን ራስህ አጠለቅክ» አለኝ። ለሳምንታት ሊያየኝ አልፈለገም፤ የኔ እብደት የሚተላለፍበት ይመስል። በር በተንኳኳ ቁጥር እኔም ወደ አገሬ ሊመልሱኝ የመጡ መስሎኝ የጫማዬን ክር አጠብቃለሁ።

ለአባ ስነግራቸው አላመሰገኑኝም። ባልደረባዬ ያለውን ሁሉ በዝርዝር ጠየቁኝ። ስለ ስሙ የተናገረውን ስደግምላቸው ከመሳቢያቸው ባዶ ካርድ እንዳወጣ አዘዙኝና የመምህራቸውን ስም ፊደል በፊደል ነገሩኝ። «አንተ ጻፈው። የኔ እጅ አሁን ይንቀጠቀጣል» አሉ። ካርዱን ለቤቱ ጸሎት ቤት ሰጠሁ፤ ሙታን በሚታሰቡበት ጊዜ እንዲጠራ።

በሚያዝያ ሳንባቸው ታመመ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚናገሩት በስፔንኛ ብቻ ስለነበር ምን እንዳሉ አላውቅም። እግራቸውን ከብርድ ልብሱ ያወጣሉ፣ እመልሰዋለሁ፣ ያወጣሉ። አንድ ጠዋት ስሄድ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

ቀብራቸው ላይ ጥቂት ነበርን። ሰባኪው ከጦርነት አምልጠው እንደመጡና ደቡብ ለንደንን በታማኝነት እንዳገለገሉ ተናገረ። ስለ ሚሊሻዎቹ ምንም አላለም። ከኋላ ቆሜ ስለነበር ወደ ፊት ወጥቼ ለመናገር እግሬን አሰናዳሁ፤ አልተናገርኩም። ኋላ አውቶቡስ ስንጠብቅ ለመነኩሲቷ፣ «አናርኪስቶቹን ዘለላቸው» አልኳት።

«እናውቅ ነበር እኮ» አለች። «ለማንም ይናገሩ ነበር። ያ በካርዱ ላይ ያለው ስም ግን የማን ነው? ዘመዳቸው ነው?»

«መምህራቸው ነበር» አልኳት። ከዚያ በላይ ለመናገር ፈቃድ የሰጠኝ የለም።

አፒሌም ወደቀ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በየሁለት ሳምንቱ፣ ኋላም በየሳምንቱ ሳይን አደረግኩ። ቀጥ ብዬ ነበር የምቆመው። የመኖሪያ ወረቀቱ በመጨረሻ የመጣልኝ ተከማችተው ከቆዩ የብዙ ሰዎች ፋይሎች ጋር ነው፤ ስለ እውነትም ስለ ውሸትም አንድ ቃል የለበትም። ባልደረባዬ ስደውልለት፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ እስቲ አሁን እንግሊዝኛህን አሻሽል» አለኝ። ዛሬም ያስተምራል። ተማሪዎቹ በቀኙ በኩል ሆነው ይጠይቁታል።

እኔ ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ቀኑን ሙሉ በእግር የሚያስኬድ ስለሆነ ተስማማኝ። ባለፈው ክረምት አንድ አዲስ የመጣ ያገሬ ሰው የጥገኝነት ቃሉን በእንግሊዝኛ እንድጽፍለት ቤቴ መጣ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣

«ምን ብል ይሻላል?» አለኝ።

«የሆነውን ይናገሩ» ልለው አፌን ከፈትኩና አራቱ ዓመት ትዝ አለኝ። ተነሣሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ከዚያ በእኔ የደረሰውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ የዋሸሁትንም፣ ያስተካከልኩትንም፣ የከፈልኩበትንም። ሲሄድ ወረቀቱን በአማርኛ ራሱ ጽፎ እንደሚያመጣ ነገረኝ።

በሳምንቱ አምጥቶ ሰጠኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። የጻፈው ሁሉ የደረሰበት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።